የተሻረው ደንብና የዋጃው ወፍጮ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሦስት ነገር ተረከብሁ፤ አንድ ኮፒያ እርሳስ፣ አንድ እሽግ ካርቦን ወረቀትና አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር። ቦታው ቆቦ ነው፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ያለ የግብር ጽሕፈት ቤት። የመሥሪያ ቤቱ ስም በእኔ ዘመን ብቻ ሦስት ጊዜ ስለተቀየረ የትኛውንም አልጠራም። ማዕረጌ ጀማሪ ጸሐፊ ነበር። ጀማሪ ጸሐፊ ማለት ሌላው የጻፈውን የሚገለብጥ ማለት መሆኑን ከምሳ በፊት ተረዳሁ።

አለቃዬ ጓድ ደርበው ይባላሉ። ከጎጃም ተዛውረው የመጡ፣ በዚያ ሁሉ የቆላ ሙቀት ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚውሉ ሰው ናቸው። የደርግ ዘመን ስለሆነ በጽሕፈት ቤታችን “አቶ” ማለት ቀርቷል፤ በአፋችን ሁላችንም ጓድ ነን፣ ወንበራችን ግን አንድ አይደለም።

“ጓድ፣ የምሠራበትን ሕግ የት አገኛለሁ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ምን ያደርግልሃል?”

“ግብሩን የምንጥለው በሱ አይደለም እንዴ?”

“ግብሩን የምንጥለው በዓምናው ነው። የዓምናውን ገልብጥ፣ ትንሽ ጨምርበት። ሕጉ ካዝና ውስጥ ነው፤ ይቆለፍበታል።”

“ነጋሪት ጋዜጣ እኮ ለሕዝብ የሚታወጅ ነው።”

ጓድ ደርበው መነጽራቸውን አወለቁ። “ነጋሪቱ ተጎስሟል። አንተ አልሰማህም ተብሎ እንደገና አይጎሰምም” አሉኝ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ገለበጥሁ። የጻፍሁት ሁሉ ከዓምናው የበለጠ ስለነበር ትጉህ ሠራተኛ ተባልሁና ገማች ሆንሁ።

የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነው። ግምቱን የሚሠራው ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ፣ ከቀበሌ አንድ፣ ከነጋዴው አንድ። ሻይ ቤት ከሆነ የመቀመጫ ዱካ እንቆጥራለን። ሱቅ ከሆነ መደርደሪያውን በስንዝር እንለካለን። ሥጋ ቤት ከሆነ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ውሻ እናያለን። አንድ የጎብዬ ሥጋ ሻጭ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ ኮሚቴው በሚመጣበት ሳምንት ውሾቹን በአጥንት እያባበለ ወደ ጎረቤቱ በር ወሰዳቸው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነበር። የዚያ ዓመት የልብስ ሰፊው ግብር ጨመረ።

ነጋዴውን ወክለው ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት የእናቴ ወንድም ጋሽ ሙሔ ነበሩ። ቆቦ ገበያው ግርጌ የእህል ወፍጮ አላቸው። ወፍጮ ያለው ሰው የወፍጮ ገማች መሆኑ ለማናችንም አልከበደንም። “ከሱ በላይ ማን ያውቃል?” እንል ነበር።

አንድ ቀን ሦስታችን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ዋጃ ሄድን። ዋጃ ላይ ያለችው አንዲት ወፍጮ የእትዬ ፋጡማ ናት። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ንብረት እሷ ብቻ ናት። ስንደርስ ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ረጅሙ የጎማ ቺንጋ ወልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

“አራት ወሩ ነው እንዲህ ከተኛ” አሉ እትዬ ፋጡማ። “ፒስተኑን ደሴ ልኬው አልተመለሰም። ወላሂ፣ ይኸው ዱቄቱ እንኳ ከግድግዳው ረግፏል። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ጠይቁ።”

ጋሽ ሙሔ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ደቀኑ። ከዚያ ቀና አሉና “ዛሬ ዝም ማለቱ ትናንት ብዙ ቢፈጭ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይደክመዋል” አሉ። የቀበሌው ተወካይ ሳቀ።

እኔ የዓምናውን ቃለ ጉባኤ ገለጥሁ። “በደንቡ መሠረት ወፍጮ በሞተሩ ጉልበት ልክ ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ይቆጠራል” ይላል። ይህንኑ በኮፒያ እርሳሴ ገለበጥሁና ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

እትዬ ፋጡማ ማንበብ አይችሉም። እጄን ግን ሲያዩ ቆይተው ነበር። “ልጄ፣ የጻፍኸው እኔ ያልኩህን ነው?” አሉኝ።

“አይደለም እትዬ፣ ደንቡ የሚለውን ነው።”

“ደንቡን አይተኸዋል?”

“አዎ” አልኋቸው። አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጽሕፈት ቤታችን አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ እንዲልክ ታዘዘ። አዲስ አበባ የሚሰጥ የአንድ ዓመት የግብር ሥራ ትምህርት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ገንዘብ ያዡ ነበር፤ “እሱ ከሄደ ሥራ ይበደላል” ተባለና ቀረ። ስለ እኔ የተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ “ሠራተኛው ቢሄድ በሥራው ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም” ይላል። በዚህ ብቃት ተመርጬ ሄድሁ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አቶ ወንድይራድ የሚባሉ መምህር ነበሩን። ጠመኔ ከኪሳቸው አይጠፋም፤ ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። የሚያስተምሩት የግብር ሕግ ጥናትና የሙያ ሥነ ምግባር ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰብን ገማቾች “ሕግ ይነበባል እንጂ ምን ጥናት አለው?” ብለን ተሳስቀናል።

የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ሰጡን። አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ግብር ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ደንብ ተቀምጧል። ተሻምተን ገለበጥነው። ወረቀቱ ሲመለስ ክፍሉ በሙሉ ዜሮ አግኝቷል።

አጠገቤ የሚቀመጠው ከአሰላ የመጣው ተሾመ እጁን አወጣ። “መምህር፣ ደንቡ እኮ የተገኘው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።”

“እውነት ነው” አሉ አቶ ወንድይራድ። “መቼ ወጣ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ከተሻረ ቆይቷል። ሕግም ይሞታል። እናንተ ሬሳ አቁማችሁ አስመሰከራችሁ።”

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። መጀመሪያ የሆነውን ነገር ጻፉ፣ የመሰላችሁን አይደለም አሉ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ሕጉን ከወጣበት ቀን ጋር ፈልጉ። በመጨረሻም ከዚያ ቀን ወዲህ የወጣውን ጋዜጣ ሁሉ አንድ በአንድ ገልጣችሁ ሕጉ አለመሻሩን፣ አለመሻሻሉን አረጋግጡ። “ይህን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይጠላዋል” አሉ። “ግብር ከፋዩ የሚበደለው ግን እሱ ሲዘለል ነው።”

ቤተ መጻሕፍት ገባን። ነጋሪት ጋዜጦቹ በየዓመታቸው ተጠርዘው ተደርድረዋል። ነጋሪት ጋዜጣን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የነካሁት እዚያ ነው። ግብር መጣል ከጀመርሁ በኋላ መሆኑ ነው።

ለመለማመጃ የምናውቀውን አንድ ጉዳይ እንድንመርጥ ታዘዝን። እኔ ወፍጮን መረጥሁ፤ ቀላል መስሎኝ ነበር። የዓምናው ቃለ ጉባኤ የጠቀሰውን ደንብ በቀላሉ አገኘሁት። ከዚያ እንደተባልሁት ወደ ፊት መግለጥ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ አጭር ማሻሻያ ላይ ደረስሁ። ወፍጮ በብልሽት የቆመበት ጊዜ በአካባቢው ማኅበር ከተመሰከረ ከግምቱ ይቀነሳል ይላል። የወጣበትን ቀን አየሁ። እኔ ዋጃ ላይ በፈረምሁበት ቀን ማሻሻያው ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል።

ጥራዙን ዘጋሁት። እንደገና ከፈትሁት። ቀኑ አልተለወጠም።

ለማንም አልተናገርሁም። ለራሴም “ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል” አልሁት። እውነቴን ነበር፣ ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል።

የሥነ ምግባር ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ “በሠራኸው ግምት ውስጥ የራስህን ስሕተት ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?” የሚል ነበር። መልሱን ከክፍሉ ሁሉ ይልቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጄ ግን አልጽፍ አለ። ዓይኔን ወደ ተሾመ ወረቀት ወረወርሁ። ተሾመ “ወዲያውኑ ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ የተበደለውም ሰው እንዲያውቅ አደርጋለሁ” ብሎ አሳምሮ ጽፏል። ገለበጥሁት። ተሾመ “ስሕተት” የሚለውን ቃል ተሳስቶ ጽፎት ኖሮ፣ እኔም ስሕተትን ተሳስቼ ገለበጥሁት።

አቶ ወንድይራድ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

“መልሱ ትክክል ነው” አሉኝ። “የማን እንደሆነ ግን ንገረኝ።”

“የተሾመ ነው። እሱ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የሰረቅሁት።”

“ለምን? ይህ እኮ የሚሸመደድ ጥያቄ አይደለም።”

ያኔ የዋጃውን ነገር አወጣሁት፤ ሞተሩን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ “ደንቡን አይተኸዋል?” ሲሉኝ “አዎ” ማለቴን። አቶ ወንድይራድ አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። በወረቀቴ ላይ ዜሮ ጻፉ። “ለአለቃህ ደብዳቤ ጻፍና ቅጂውን አምጣልኝ። ፈተናህን እሱን አይቼ አርማለሁ” አሉኝ።

ደብዳቤውን በማግሥቱ ጻፍሁ። የሆነውን፣ ጥያቄውን፣ ሕጉን ከነቀኑ፣ ማሻሻያውን ከነቀኑ፣ ከታች ደግሞ “ስሕተቱ የእኔ ነው” ብዬ ፈረምሁ። በፖስታ ወደ ቆቦ ላክሁት። ቅጂውን አይተው ማለፊያ ሰጡኝ። ከቆቦ ግን መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣቱን እሺታ አድርጌ ቆጠርሁት፤ እንዲህ መቁጠር ደስ ይላል።

ዓመቱ አልቆ ቆቦ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት አህያ ነው። ከጋሽ ሙሔ ወፍጮ በር ጀምሮ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ማሽላና ጤፍ የተጫነ አህያ ተሰልፏል። አንዱን ገበሬ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት።

“ከዋጃ።”

“ዋጃ ወፍጮ የለም እንዴ?”

“ነበረ እንጂ። ፒስተኑ ከደሴ መጥቶ መፍጨት ጀምሮ ነበር፤ መንግሥት አሸገው። ባለቤቲቱ ግብሩን መክፈል አቅቷቸው ሁለት ወር አለፈ። እኛም ይኸው አንድ ቀን ለመምጣት፣ አንድ ቀን ለመመለስ።”

ጋሽ ሙሔ ከዱቄቱ ውስጥ ነጭ ሆነው ወጥተው አቀፉኝ። ለመምጫዬ ሙክት አረዱ። “ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ከቤታችን ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ! እንግዲህ እውቀት ለዘመድ ካልሆነ ለምን ይሆናል?” አሉ። በላሁ። ሥጋው ጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ የዋጃውን ፋይል አወጣሁ። ደብዳቤዬ ውስጡ አለ። በጥንቃቄ ተበስቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተያይዟል። ኅዳጉ ላይ በጓድ ደርበው እጅ “ታይቷል፤ ለመረጃ ይቀመጥ” ተብሏል። የማሸጊያው ትእዛዝ ከደብዳቤዬ ቀጥሎ ነው የተያያዘው። ያዘዘው ሰው ትእዛዙን ሲያያይዝ ደብዳቤዬን በእጁ ማንሳት ነበረበት።

ወደ ጓድ ደርበው ገባሁ።

“ጓድ፣ የዋጃው ወፍጮ የታሸገው ከማሻሻያው በፊት በነበረው ደንብ ነው። ደብዳቤ ጽፌ ነበር።”

“አይቼዋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነው።”

“ታዲያ ለምን ታሸገ?”

“ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር አስተምረውሃል አይደል?” አሉኝ ፈገግ ብለው። “የጥቅም ግጭት የሚባል ነገር አልነገሩህም? የኮሚቴው አባል አጎትህ ናቸው። ስለዚህ አንተ በዚህ ጉዳይ እጅህን ማስገባት ነውር ነው። እኔ እንኳ ያልተማርሁት አውቄዋለሁ።”

አንድ ዓመት የተማርሁትን ሥነ ምግባር በአንድ ደቂቃ አንስተው አፌን ዘጉበት።

“ጓድ፣ ነውሩ ዘመድን መጥቀም ነው። እኔ የምለው ነገር ዘመዴን ይጎዳል።”

“ያው ነው። ግጭት ግጭት ነው።”

“እንግዲያው ዝምድናዬን በጽሑፍ አስታውቄ፣ ጉዳዩን ሌላ ሰው ይወስን። ካዝናው ይከፈትና ማሻሻያውን እናሳየው።”

“የካዝናው ቁልፍ ደሴ ነው” አሉ። ቁልፉ ኮታቸው ላይ ከአዝራሩ ጋር ታስሮ ይታየኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ይማም፣ አንተ ልጅ፣ የመንግሥት ገቢ ማስቀነስ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? አሻጥር ይባላል።”

በዚያ ዘመን “አሻጥር” የሚል ቃል ከስሙ ጎን የተጻፈበት ሰው ቤቱ ላይገባ ይችላል። ፈርቼ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ደፋር ነበርሁ ብዬ አላውቅም።

ከጽሕፈት ቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት አለ። በሬጅስትራርነት የሚሠሩት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ሹራብ ሲሠሩ የሚውሉ ሴት ነበሩ። ገብቼ ከግብር ጽሕፈት ቤት መሆኔን ነገርሁና የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ እንዳላቸው ጠየቅሁ።

“ለምንህ ነው?”

“ላነበው።”

ሹራቡን አስቀመጡት። “ከግብር ጽሕፈት ቤት ነኝ ነው ያልኸው?”

“አዎ።”

“እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዘመኔ ነው። ከእናንተ ቤት ሰው መጥቶ ማንበብ ሲጠይቅ አንተ የመጀመሪያው ነህ” አሉና ከወንበራቸው ኋላ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈቱት። አልተቆለፈም። ማሻሻያው ከነቀኑ አለ። በእጄ ገለበጥሁት። ዛሬ ግን ምን እንደምገለብጥ አውቃለሁ። ወይዘሮ አስካለ ቃል በቃል አመሳክረው “ትክክለኛ ግልባጭ” ብለው ማኅተም አደረጉበት።

ግልባጩን ለጓድ ደርበው ሰጠሁ። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። “ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል” አሉ በመጨረሻ። “እኛ ግን አልተሳሳትንም።” ግልባጩንም ፋይሉ ውስጥ ለመረጃ አስቀመጡት።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። ሰብሳቢው የወረዳው ካድሬ ነው። እያንዳንዱ ሰው እየተነሳ ጥፋቱን ይናገራል። ገንዘብ ያዡ ሁልጊዜ “ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ዘግይቻለሁ” ይላል። ጓድ ደርበው “ከመጠን በላይ በመሥራት ጤናዬን በድያለሁ” ይላሉ። ቃለ ጉባኤው ይጻፍና ቅጂው ሰኞ ሰኞ ደሴ ወደ ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ይላካል። ይህ የመጨረሻው ነገር በዚያ ዓርብ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ትዝ አለኝ።

ተነሣሁ።

“ጓዶች፣ የዋጃን ወፍጮ የገመትሁት ከመሻሻሉ በፊት በነበረው ደንብ ነው። ደንቡን ሳላየው አይቼዋለሁ ብዬ ለባለቤቲቱ ዋሽቻለሁ። ወፍጮው በእኔ ጥፋት ታሽጓል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ አጎቴ ናቸው፤ ዛሬ የዋጃ እህል የሚፈጨው በእሳቸው ወፍጮ ነው። ይህንንም መናገር ይገባኝ ነበር።”

እውነተኛ ጥፋት ተናግሮ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ቀጥሎ የሚደረገውን የሚያውቅም አልነበረም።

“ጓድ ይማም” አለ ካድሬው ላቡን እየጠረገ፣ “ግለ ሂስ እኮ እንዲህ አይደለም።”

“እንዴት ነው?”

“ጠቅለል ያለ ነው። ‘አንዳንድ ድክመቶች ነበሩብኝ’ ይባላል።”

“ድክመቱ ይኸው ነው።”

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እርሳሱን አንሥቶ “ልጻፈው?” ብሎ ጠየቀ።

“አትጻፈው!” አሉ ጓድ ደርበው።

ካድሬው ወደ እሳቸው ዞረ። “ግለ ሂስን ከቃለ ጉባኤ ማስቀረት ምን እንደሚባል ያውቃሉ?” አላቸው። ጓድ ደርበው አያውቁም ነበር። ካድሬውም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ስም ያልወጣለት ጥፋት ግን ከሁሉ የባሰ ያስፈራል። “ይጻፍ” አሉ ጓድ ደርበው። እንዲያውም የፍርድ ቤቱ ግልባጭ አብሮ እንዲያያዝ ራሳቸው አዘዙ፤ ከተጻፈ አይቀር የተሟላ ይሁን ብለው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚወስዱኝ ሰዎች የመጡ ይመስለኝ ነበር። የቤት ኪራዬን አስቀድሜ ከፈልሁ፤ ለእናቴም ልብሶቼ የት እንዳሉ ነገርኋት። አጎቴ ወሬውን ሰምተው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “አሰላሙ ዐለይኩም” ስላቸው እጃቸውን ብቻ አንሥተው አለፉ።

ደብዳቤው ከደሴ መጣ። አንደኛ፣ ወፍጮው ባስቸኳይ እንዲከፈትና ግምቱ በማሻሻያው መሠረት እንደገና እንዲሠራ። ሁለተኛ፣ ወፍጮ ያለው ሰው የወፍጮ ገማች እንዳይሆን። ሦስተኛ፣ ገማች ይማም ማሻሻያውን ትቶ በቀድሞው ደንብ በመሥራቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ቅጣት። አራተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ደርበው ግለ ሂስን በተግባር በማዋላቸው የምስጋና ደብዳቤ። ጓድ ደርበው አራተኛውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ለእኔም “ያለ እኔ ይህ አይሆንም ነበር” አሉኝ። እውነት ነው።

እሽጉን እንድከፍት የተላክሁት እኔ ነኝ። እትዬ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገመዱን ቆርጬ ቀዩን ሰም ስፍቅ እጄን ያዩ ነበር።

“ያኔ የጻፍኸው አንተ ነህ አይደል?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ እትዬ። ደንቡን አይቻለሁ ያልሁዎትም ውሸት ነው።”

“አሁንስ አይተኸዋል?”

“አሁን አይቼዋለሁ” አልሁና ግልባጩን አወጣሁ። አነበብሁላቸው። ስጨርስ ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ ደገምሁ።

“እንዲህ አጭር ነው?” አሉ።

“አጭር ነው።”

“ከሁለት ወር በላይ የዋጃ ሰው በአህያ የተንከራተተው፣ እኔ ጥጃና ላሜን የሸጥሁት፣ ለዚች ለሦስት መስመር ነው?”

ግልባጩን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። “የሄደብኝን ማን ይመልስልኛል?” አሉኝ። ስለዚህ የሚናገር ሕግ ፈልጌ እንዳላገኘሁ ነገርኋቸው። እውነቱ ይኸው ነበር። አልመረቁኝም፣ አልረገሙኝምም። “በል፣ የሞተሩን ማስነሻ ማንቬላ ያዝ” አሉኝ።

ሞተሩ መተኛት ለምዶ አልነሣ አለን። እኔና ሁለት ገበሬዎች እየተፈራረቅን ማንቬላውን ስናዞር ላባችን ተንጠፈጠፈ። እትዬ ፋጡማ ናፍጣውን ራሳቸው እያስተካከሉ “አብሽሩ፣ አብሽሩ” ይላሉ። በመጨረሻ አንዴ አስነጠሰና ጥቁር ጭስ ተፋብን፤ ከዚያ ተነሣ። ቺንጋው ሲዞር ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያዋን የማሽላ ቁና ያፈሰሱት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ተራ የያዙት ከንጋት ጀምሮ ነው። እትዬ ፋጡማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዱቄት ገብቶብኝ ነው አሉ። ያን ጊዜ ገና ዱቄት አልወጣም ነበር።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ አላነጋገሩኝም። በዒድ እንኳ ቤታቸው ስሄድ ምግቡ ይቀርብልኛል እንጂ አብረውኝ አይቀመጡም። አንድ ክረምት የእሳቸው ሞተር ተሰበረና ቢሮዬ መጡ። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

“ያ ማሻሻያ አሁንም አለ?” አሉኝ።

“ቆዩኝ፣ አረጋግጬ ልምጣ” ብዬ ወደ ፍርድ ቤቱ ተሻገርሁ። ነበረ። ከቀበሌ ማኅበራቸው ምስክር ወረቀት አምጥተው ወፍጯቸው የቆመበት ጊዜ ተቀነሰላቸው፤ ግምቱን የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ዝምድናዬን ጽፌ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚሁ ሙያ ቆየሁ። ሥራውን ለሚጀምር ሰው የምነግረው ይህን ነው፤ ደንብ ስትጠቅስ ቀኑን እይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የወጣውንም እይ። ያላየኸውን አይቻለሁ አትበል። በራስህ ፊርማ ስር ስሕተት ስታገኝ በጽሑፍ አሳውቅ፤ መልስ ካልመጣም እንደገና ጻፍ። ይህን ስታደርግ የምትቀጣው አንተ፣ የሚመሰገነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።